የሙሽራው ፊት

«አዎ፣ እሱ ነው» ስትል ታላቅ እህቱን ሰማት። ከጣውላው ግድግዳ ወዲህ ጎንበስ ብሎ ፊቱን እየታጠበ ነበርና ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ እያቃጠለው እጁን አቁሞ አዳመጠ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ድምፁ ለስላሳ ነው። «እርግጠኛ ነሽ እህቴ? ረጋ ብለሽ እይው» ይላል። እህቱ ወረቀት ስትቀበል ኮሽታው ተሰማው። ከዚያ «የገዛ ባሌን ላላውቀው ነው?» አለች። አባባሏ ቁጣም ልቅሶም አልነበረበትም፤ በምትሠራበት ላውንደሪ ቤት የደንበኛን ኮት ከመስቀያ አውርዳ የማን እንደሆነ ስታረጋግጥ የምትናገረው ዓይነት ነበር። ሰውየው «እንግዲያው ከጀርባው ፈርሚልኝ» አለ።

አረፋው ጆሮው ላይ እንዳለ፣ ፎጣ ሳይዝ ወጣ። እህቱ ፎቶውን ገልብጣ፣ በሩን እንደ ጠረጴዛ ተጠቅማ እየፈረመች ነበር። ከፊርማዋ በላይ ሰማያዊ ማኅተም አለ። ለማንበብ መቅረብ አላስፈለገውም፤ የገዛ ሱቁ ማኅተም ነው። «ጥራት ፎቶ» ይላል። ሰፈሩ እሱንም በሱቁ ስም ጥራት እያለ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም አሁን የምትጠራው እህቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ሲቪል የለበሰው ፖሊስ ፎቶውን ተቀብሎ ቀለሙ እንዲደርቅ ሲያወዛውዘው ምስሉ ወደ እሱ ዞረ። አንድ ሰው ደረጃ ላይ ነው፤ የሴት ቦርሳ በብብቱ ሸጉጦ ወደ ካሜራው ዘወር ብሏል። የእህቱ ባል ነው። ይመስላል አይባልም፣ ራሱ ነው። ቅንድቡ፣ ወፈር ያለው የታች ከንፈሩ፣ ሊስቅ ሲል ጉንጩ ላይ የምትመጣው መስመር እንኳ አልቀረችም። ጥራት አፉን ከፈተ። ሰው ፊት መናገር ግን ድሮም ምላሱን ያስረዋል፤ ቃል እስኪያወጣ ፖሊሱ «እኛ ከሥራ ቦታው እናገኘዋለን» ብሎ ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር።

ፎቶውን የሠራው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከኋላቸው ያለው ሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሚሞሪ ካርድ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣለት። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነበረች፤ ሌባ ቤቷ ገብቶ ሲወጣ በጨለማ ተጋጭተው ገፍትሯት፣ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ያየችው ጀርባውን ብቻ ነው። የደረጃው ካሜራ ቀርጾት ነበር፣ ዘበኛው ቀድሞ ልይ ብሎ ሲነካካ ግን ሁሉንም አጠፋው። ጥራት ሚሞሪውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ የጠፋውን አስመለሰ። አብዛኛው ተቆራርጦ መጣ። አንዱ ብቻ ሙሉ ነበር፣ እሱም ጨለማ ነው፤ የሰውየው ጭንቅላት ምስር ያክላል። ሰብሳቢው ከጀርባው ቆሞ «ፊቱን አውጣልኝ» አለ። ጥራት የማጥሪያውን ፕሮግራም ከፈተ። ሰብሳቢው የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ ምስሯ ዓይን አወጣች፣ አፍንጫ አወጣች፣ ከንፈር አወጣች። «እንዲህ ነው እንጂ ሥራ ማለት» ብሎ ትከሻውን መታው። ጥራት ፊቱ የሆነ ሰው እንደመሰለው ትዝ ይለዋል። ግን ቀኑን ሙሉ ፊት ሲያይ የሚውል ሰው ሁሉም ፊት የሆነ ሰው ይመስለዋል፤ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ለጉርድ ፎቶ ክራቫት አውሰኝ እያለ ይጨቀጭቀው ነበር።

እህቱ በሩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እሱ እንዲያድርበት አንዱ ጥግ በጣውላ ተከፍሏል። ምድጃው ላይ የተጣደው ውኃ እየተንተከተከ ነው፣ የሚያወርደው የለም።

«እትዬ» አለ፣ «ያንን ፎቶ እኮ እኔ ነኝ ያጠራሁት።»

ቀና ብላ አየችው። «እና አውቀህ ዝም አልከኝ?»

«አላወቅኩም። እሱ መሆኑን...»

«አንድ ጠረጴዛ ላይ ማታ ማታ እየበላችሁ አላወቅከውም? እኔን ሞኝ አታድርገኝ።» ድምፅዋን አልጨመረችም። «ወር ሙሉ ሲያመሽ ከረመ። ‹ደንበኛ ጋ ነበርኩ፣ ቁልፍ ስቀይር› ይለኛል። ደንበኛዋ ጋ ደወልኩ፤ ከመጣ ቆይቷል አለችኝ። የአስተማሪዋንም የበር ቁልፍ የቀየረላት እሱ ነው። ልቤ የሆነ ነገር ሲለኝ ነበር። ያ ሰውዬ ፎቶውን ሲያሳየኝ አልደነገጥኩም እኮ፤ አለመደንገጤ ነው የገረመኝ።»

እህቱ ተነሥታ ውኃውን አወረደች፣ የሥራ ጋዋኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ መስተዋቱ ፊት ቆማ ፀጉሯን በሻሽ አሰረች። «ቁርስህን ብላ» ብላው ወጣች። በሩን ስትዘጋው ከአልጋው በላይ የተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶ በትንሹ ተናወጠ። ጥራት ፎቶውን አየ፤ እሱ ራሱ ያነሣው፣ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ነው። ሙሽራው አገጩን ልሙጥ አድርጎ ተላጭቶ፣ ቅንድቡ ሙሉ፣ ከንፈሩ ሊስቅ ሲል።

የእህቱ ባል አሁን እንዲህ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ቁልፍ ሲሞርድ የዘለለ ብረት ግራ ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎታል፤ ጢሙን ካሳደገም ቆይቷል፤ እስከ ደረቱ አይድረስ እንጂ አገጩን ያየ ሰው የለም። ፖሊሱ የያዘው ፎቶ ላይ ግን ጠባሳም ጢምም የለም። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ቦርሳ ሸጉጦ የወረደው ሰው የሠርግ ፊት ይዞ ነው የወረደው። ጥራት አልጋው ላይ ተቀምጦ ነገሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጎተተው። ፕሮግራሙን የገዛው ጊዜ «ጥርት ያሉ ፊቶች ብዙ አድርገህ ስጠኝ፣ ከእነሱ እማራለሁ» የሚል ነገር ጠይቆት ነበር። ሱቁ ውስጥ ጥርት ያለና ብዙ የሆነ ፎልደር አንድ ብቻ ነበረ፣ ከሁሉም በላይ የሙሽራው ፊት የበዛበት የእህቱ ሠርግ። ሰጠው። ማሽኑ ፊት ማለት ምን እንደሆነ የተማረው ከሙሽራው ነው። ምስር የምታክል ጭጋግ ሲሰጡት የሚያውቀውን ፊት ሞላባት።

አንዲት ሴት የሞተ አባቷን አሮጌ ፎቶ አምጥታ አጥርቶ ሲሰጣት፣ ብዙ አይታ «አባቴ አፉ እንዲህ አልነበረም» ብላ ነበር። ሐዘን ነው ብሎ አለፋት። አብሮት የሚሠራው፣ ከካሜራው በላይ ዓይን የሚያጠፋ ቀልድ ስላለው ፍላሽ የሚሉት ልጅ «ወንድሜ፣ ደንበኞቻችን ሁሉ ዘመዳሞች እየሆኑ ነው» ሲል ሁለቱም ስቀዋል። አሁን በየሰው ሳሎን የሰቀላቸው አባቶችና አጎቶች ተራ በተራ እየመጡ በአንድ ከንፈር ሊስቁበት ሲሉ ታዩት።

ዋናውን ማሳየት አለበት። ያቺን ምስር። ይህን ሲያስብ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው። በሱቁ ልማድ ሥራ ሲያልቅ የጠራውን በደበዘዘው ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ኮምፒውተሩ ጠባብ ነው፣ የደበዘዘውን መልስልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛም የለም። ሰብሳቢው ደግሞ «ይሄ ሚሞሪ አጋንንት አለበት፣ አዲስ ስጠኝ» ብሎ አሮጌውን ጥሎለት ሄደ። ጥራት በአሮጌው ላይ ያለውን አጥፍቶ፣ እንዳይምታታበት ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበት፣ ፎቶ ለማንሻ የሚጠቀሙባቸው ሚሞሪዎች ያሉበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለው።

ቁርሱን አልበላም። ሱቁ እስኪደርስ ሮጠ፤ ሰው እያየው ስለሚያፍር ሲሮጥም ግማሹን በፈጣን እርምጃ ነው። ቆርቆሮው ባዶ ነው። ካሜራውም የለም። መስኮቱ ላይ ፍላሽ «የነርሶች ምርቃት ሄጃለሁ፣ ደስታ ተካፍዬ እመጣለሁ» ብሎ ጽፎ ለጥፏል። ደወለለት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን ቦርሳው ውስጥ ወርውሮ ይረሳዋል።

ታክሲው ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉት ሁለት ሴቶች ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። አንደኛዋ አከራይዋ ዕቃዋን ሳታወጣ ለሌላ ሰው ቤቱን ማከራየቱን ትናገራለች፤ «ስገባ ሰውዬው በእኔ አልጋ ላይ ካልሲውን እያወለቀ» ስትል ጓደኛዋ በሳቅ ፈነዳች፣ ረዳቱም ሳቀ። ጥራት አልሳቀም። ሚሞሪም እንዲሁ ነው። አጠፋሁት ስትል ከበሩ ላይ ስሙን ነው የምትፍቀው፤ ሥዕሉ እቤቱ ተቀምጧል። ሌላ ሥዕል መጥቶ እስኪገባበት ድረስ። ፍላሽ አንድ ጊዜ ቀጭ ባደረገ ቁጥር አንድ ተከራይ ይገባል። ታክሲው ለአንድ ሰው ቆመ፤ ቀጭ። መብራት ያዘው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ረዳቱ ከአንዲት እናት ጋር በመልስ ሲከራከር ሌላ ሁለት ሦስት ቤተሰብ መድረኩ ላይ ወጥቶ ወርዷል። ጣቱን ይነክስ ነበር፤ ደም እስኪቀምስ አላወቀም።

አዳራሹ በር ላይ አበባ የሚሸጡት እየተጋፉ ነው። ውስጡ ሙቀት፣ ሽቶና የሕፃን ልቅሶ። ጥቁር ካባ የለበሱት ተመራቂዎች ደረጃ ሠርተው ተሰልፈዋል፤ ፍላሽ ወንበር ላይ ቆሞ «እዚያ ጋ ረጅሟ፣ ነርስ ነሽ እንጂ የኤሌክትሪክ እንጨት አይደለሽም፣ ዝቅ በይ» እያለ ያስቃቸዋል። ጥራት ካባዎቹን እየገፋ ሄዶ ሱሪውን ያዘው።

«የትኛውን ሚሞሪ ነው የከተትከው?»

«እንዴ፣ አንተ ምን እግር ጣለህ? ፊትህ ላይ ሳሙና አለ።»

«ጥቁር ፕላስተር ያለበትን። የት ነው?»

«ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሬ በእሱ ነው። ምን ሆንክ፣ ተረጋጋ እስቲ...»

«አውጣው።»

ከሰልፉ የአንዷ አባት «ኧረ ልጆቹ ላብ በላብ ሆኑ» አለ። ፍላሽ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ የጥራትን እጅ ሲያይ ተወው። ይኼ ዓይነ አፋር ጓደኛው በሦስት መቶ ሰው ፊት እጁን ዘርግቶ ቆሞ ያውቃል እንዴ? ካሜራውን ከፍቶ ሚሞሪውን መዳፉ ላይ አኖረለት። «የሰው ደስታ ነው ያለው እዚህ ውስጥ፣ እንዳታጠፋብኝ» አለው በሹክሹክታ።

ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ነው የሠራው። ማስመለሻው ፕሮግራም ዝም ብሎ ይቆጥራል፤ መስመሯ ትንቀሳቀሳለች፣ ትቆማለች። በመጀመሪያ የመጡት ተመራቂዎቹ ናቸው፤ ቆብ የወረወሩ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ፣ አያታቸውን ያቀፉ። ከእነሱ ሥር የደረጃው ሥዕሎች ተቆራርጠው መምጣት ጀመሩ፦ ግማሽ የእጅ መደገፊያ፣ አንድ ጫማ፣ ግራጫ ብቻ። ጥራት ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ይጠብቃል። በመስታወቱ በር ሰው ሲያንኳኳ በእጁ «ዝግ ነው» ይላል። ያቺ ሥዕል ስትመጣ ታችኛው ክፍሏ የለም፤ ከወገብ በታች አንዲት ተመራቂ ጎንበስ ብላ የጫማ ማሰሪያዋን እየቋጠረች ነው። ላይኛው ክፍል ግን ተርፏል። ደረጃው፣ ግድግዳው፣ ትከሻው፣ ምስሯ። አጉልቶ አያት። ዓይን የላትም። አፍ የላትም። ሦስት አራት ጥቁር ነጥብ፣ ትንሽ ቡናማ። ከዚህ ውስጥ ሰው አውጥቶ ለእስር አስረከበ።

ዝም ብሎ ይዞ ሊሄድ ነበር፤ ከዚያ አሰበ። ይህችን ጭጋግ ብቻ ቢያሳያቸው የሠርጉን ፊት ከየት እንዳመጣው ማን ያምነዋል? የሠርጉን ፎልደር ከፕሮግራሙ አወጣና በቦታው የዛሬዎቹን ነርሶች ሰጠው። ያቺኑ ምስር ድጋሚ አጥራ አለው። ማሽኑ አላንገራገረም። ትንሽ ቆይቶ በደረጃው ላይ፣ በሌባው ትከሻ ላይ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ብቅ አለች፤ ቅንድቧን ተቀንድባ፣ ጥርሷ በረዶ መስሎ፣ ደስ ብሏት ትስቃለች። ጥራት ሳቅ መጣበት፣ ወዲያው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን በሶፍት እየጠረገች ነበር። ግድግዳው ሁለት ዓይነት ቀለም ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ አለ፣ የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ በተጻፈ ቁጥር ይርገበገባል። ጥራት ሲመጣ ያጠናው ንግግር ጠፍቶበት ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ደረደራቸው፦ ምስሯን፣ የእህቱን ባል፣ የምትስቀዋን ልጅ። «ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው» አለ። መርማሪዋ ልጅቷን አነሣቻት፣ አስቀመጠቻት።

«እንግዲህ ይህቺንም ሄጄ ልያዛት?»

«የለችም። ማለቴ አለች፣ ዛሬ ተመርቃለች፣ ግን እዚያ አልነበረችም። እሱም እንደዚያው ነው።» እየተንተባተበ ነገሩን ከሠርጉ ጀምሮ ነገራት። ስለ ጠባሳው ሲነግራት ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ስትመለስ ፎቶውን እንደገና አየች፣ የታሰረውን ሰው ሄዳ እንዳየች ገባው።

«አንተ ለእሱ ምኑ ነህ?»

«የሚስቱ ወንድም።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት አደብዝዘህ ላለማምጣትህ ምን ዋስትና አለኝ?»

ጥራት ሚሞሪውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ፕላስተሩ በላቡ ተላቆ ተጣጥፏል። «የእናንተ ሰው ያውጣው። እኔ የነካሁትን አትመኑ። እኔም ብሆን አላምነውም።»

መርማሪዋ ሚሞሪውን በፖስታ ከተተችው። ከዚያ ፖሊሱ ያመጣውን ፎቶ ገልብጣ ጀርባውን አሳየችው። «ፎቶው ይቅር እንበል። ይሄስ? ሚስቱ ናት። ‹እሱ ነው› ብላ ፈርማለች። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ስናቀርበው ዳኛው የሚያነበው ይሄንን ነው። ማሽን ተሳስቷል እላለሁ፣ ሚስቱንም ማሽን ናት ልበል?» አስነጠሳት። «ትምጣ። ራሷ ትናገር።»

ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ እንፋሎቱ ሰው አያሳይም። ካውያው ፍስስ እያለ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከጣሪያው ስር በላስቲክ የተሸፈኑ ኮቶች ተደርድረው ሰው የሌለበት ሰልፍ መስለዋል። እህቱ የሰው ሱሪ እየተኮሰች ነበር። ጥራት ፎቶዎቹን ከመተኮሻው ጫፍ ላይ ዘረጋላትና ነገራት። ለመርማሪዋ ካወራው ያነሰ ነው ያወራው፤ እህቱ ፊት ሲሆን ቃል ያልቅበታል። እሷ የምትስቀዋን ልጅ አላየችም። የባሏንም አላየችም። ምስሯን ነው ያነሣችው። ወደ መብራቱ ይዛ ሄደች፣ አራቀቻት፣ አቀረበቻት። ከኋላዋ ካውያው ሱሪው ላይ ነበርና የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ፤ ጥራት አነሣላት።

«ይሄን ነው ጋሼህን ያደረግከው?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ። ማሽኑ ነው። የሚያውቀው ፊት የእሱን ብቻ ስለሆነ...»

«ማሽኑስ ማሽን ነው» አለች። «እኔ ምን ሆኜ ነው?»

ጋዋኗን እንደለበሰች ወጣች። መንገድ ላይ ቆም ብላ «ጢሙን እኮ ትናንት ማታ ጫፍ ጫፉን ቆርጬለታለሁ» አለች፣ «በእነዚህ እጆቼ»። ጥራት ቦርሳዋን ተቀበላት።

ጣቢያው ውስጥ መርማሪዋ ጥያቄዋን አጭር አደረገችው። ምስሯን ዘርግታ «ይሄ ማን ነው?» አለች። እህቱ «አላውቀውም» አለች። «ጠዋት አውቀዋለሁ ብለሻል።» «ጠዋት ያሳያችሁኝ ሌላ ነው። እሱን አውቀዋለሁ። ያገባሁት ሰው ነው፤ ያኔ የነበረው ሰው። አሁን እንደዚያ አይመስልም።» መርማሪዋ ጻፈች፣ ጠረጴዛው ተርገበገበ። ከዚያ ሰውየውን አስጠራችው።

የእህቱ ባል ቀበቶውን ስላስወለቁት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ገባ። ሚስቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ልታስፈታው የመጣች መስሎታል። ጥራት ቢችል ወለሉ ውስጥ ይገባ ነበር። መርማሪዋ ሌባው አስተማሪዋ ቤት በገባበት ምሽት የት እንደነበረ ጠየቀችው። ሰውየው ወደ ግድግዳው እያየ «ፌርማታ» አለ።

«የምን ፌርማታ?»

«የአውቶቡስ። ተቀምጬ። አሁን በሩ ሁሉ በካርድና በጣት አሻራ የሚከፈት ሆኗል፣ እኔን የሚጠራኝ የለም። በቀን ወደ ቤት ስገባ ምን ልበላት? ሰው ከሥራ የሚገባበት ሰዓት እስኪደርስ እዚያ እቀመጣለሁ። የሞባይል ካርድ የምትሸጠው ልጅ ታውቀኛለች፤ ‹አባባ፣ የእርስዎ አውቶቡስ ዛሬም አልመጣም?› እያለች ትቀልድብኛለች።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

መርማሪዋ ካርድ ሻጯን እንደምትጠይቅ፣ ሚሞሪውን ባለሙያ እንደሚያየው፣ እስከዚያው በዋስ ሊሄድ እንደሚችል፣ ሰኞ ግን እንደሚመለስ ተናገረች። እህቱ ለዋስትናው ፈረመች። መርማሪዋ መዝገቡን ስታደራጅ የጠዋቱ ፎቶ ከላይ ሆነ፣ ሰውየው አየው። አነሣው። ራሱን ተላጭቶ፣ ቅንድቡ ሳይሰነጠቅ፣ ቦርሳ ሸጉጦ አየ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ መልከ መልካም ነው» አለ፣ እንደ ልማዱ ሊቀልድ። ከዚያ ገለበጠው። የሚስቱን ፊርማ የማያውቅ አይደለም። ብዙ አነበበው፤ ከአንድ ስም በቀር የሚነበብ ባይኖረውም። መልሶ በጥንቃቄ አስቀመጠው፣ ጠርዙን ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አስተካከለው። ቀበቶውን ሲያደርግ ቀዳዳው ጠፍቶበት ደጋግሞ ሞከረ።

ጥራት ሊወጣ ሲል መርማሪዋ በስሙ ሳይሆን በሱቁ ጠራችው። «ጥራት፣ ለኛ ሰዎች የሠራኸው ሌላ ፎቶ አለ?» አላውቅም አላት። ደንበኛ ፎቶው ለምን እንደሆነ አይነግረውም፤ አጥራልኝ ብቻ ነው የሚለው። «ካለ እኔ እፈልጋለሁ» አለች፣ «አንተም ፈልግ»።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሰውየው ከፊት፣ እህቱ ከመሐል፣ ጥራት ከኋላ ነበሩ። ከሥራ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እህቱ አንድ ሁለት ጊዜ እርምጃዋን ፈጠን አድርጋ ልትደርስበት ስትል ተወችው። ቲማቲም ሻጯ ጋ ሲደርሱ ሴትየዋ «ዛሬ አንድ ላይ፣ ምን ተገኘ?» አለች። እህቱ ዋጋውን ጠየቀች፣ ውድ ነው አለች፣ ሳትገዛ አለፈች። ሰውየው ቆሞ ሲጠብቃት ከርቀት ላየው ሁሉም ነገር እንደ ትናንቱ ነበር። ጥራት «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ሊናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። በሦስተኛው ሰውየው ሳይዞር «ጉንፋኑ ያቺን ሴትዮ ትቶ ወዳንተ መጣ?» አለው። ቀልዱ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ቢያንስ በጥራት ላይ አልነበረም።

በራቸው ጋ ደረሱ። ይህን ቁልፍ ከብረቱ ጀምሮ የሠራው ሰውየው ነው፤ ለሦስቱም እኩል ሞርዶ የሰጣቸው እሱ ነው፣ የእሱም በኪሱ ውስጥ እየተንሿሿ መጥቷል። ቢሆንም ቀድሞ ደርሶ አልከፈተም። ከበሩ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ ሁለት እጁን ከፊቱ አጣምሮ ቆመ። እህቱ ቁልፏን ከቦርሳዋ ለማውጣት ብዙ ቆየች። ከፈተች፣ ገባች፣ መብራቱን አበራች። ሰውየው ደፉ ላይ ቆሞ ነበር፤ ብርሃኑ ጢሙ ላይና ለሁለት የተከፈለው ቅንድቡ ላይ አረፈ። እህቱ ዞራ አየችው፤ ጠዋት ፖሊሱ ረጋ ብለሽ እይው ብሎ የለመናትን ያህል፣ ከዚያም በላይ አየችው።

«ልግባ?» አላት።